ሳይነበብ የሚፈረም ዕዳ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሀዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር ነው። ሁለተኛዋ ልጄ ዘንድሮ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። ከምዝገባ ስትመለስ አንድ ቅጽ ሞልታ እንደፈረመች ነገረችኝ፤ ምንነቱን ብጠይቃት «ኮስት ሼሪንግ ነው፣ ሁሉም ይፈርማል» ብላ አለፈችው። እኔ እስከማውቀው ድረስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነጻ ነው የሚያስተምረው፤ ታላቅ ወንድሜ በደርግ ጊዜ ሲማር ምግቡም መኝታውም ተችሎት ነበር። ለመሆኑ ይህ ክፍያ ግዴታ ነው? ቤታችን ቅርብ ስለሆነ ልጄ እየተመላለሰች ለመማር አስባለች፤ ታዲያ ለማታድርበት አልጋ ጭምር ልትከፍል ነው?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ልጅዎ ለዚህ በመብቃቷ እንኳን ደስ አለዎት። ስለ ወንድምዎ የጻፉት ትክክል ነው፤ በዚያ ዘመን መደበኛ ተማሪ የነበረ ሰው የትምህርቱንም፣ የምግቡንም፣ የመኝታውንም ወጪ መንግሥት ይችልለት ነበር። ልጅዎ ኮስት ሼሪንግ ያለችው የወጪ መጋራት አሠራር የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. ሲሆን፣ ልጅዎ የፈረመችው ቅጽ የሚጠቅሰው ከዚያ በኋላ የወጣውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 154/2000ን ነው። ስለዚህ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነጻ ነው የሚባለው በምዝገባ ቀን የትምህርት ገንዘብ አምጡ ስለማይባል እንጂ ተማሪው ያለ ዕዳ ስለሚመረቅ አይደለም። ክፍያው ግዴታ ነው፤ ጊዜው ግን ወደፊት ተላልፏል።

ዕዳው የሚሰላው እንደሚከተለው ነው። ተቋሙ አንድን ተማሪ ለማስተማር በዓመት ያወጣዋል ተብሎ ከሚገመተው ወጪ ውስጥ ተማሪው 15 በመቶውን ይጋራል። የምግብና የመኝታ ወጪ ግን በዚህ መልክ አይከፋፈልም፤ ተማሪው አገልግሎቱን ከወሰደ ሙሉው ወጪ በስሙ ይመዘገባል። ቤተ ሙከራና የተግባር ልምምድ የሚበዛባቸው ትምህርቶች ወጪያቸው ከፍ ስለሚል፣ የሕክምናና የታሪክ ተማሪዎች ከአንድ ካፌ እየተመገቡ የተለያየ መጠን ያለው ዕዳ ሊሸከሙ ይችላሉ፤ የሕክምናው ተማሪ የሚቆይባቸው ተጨማሪ ዓመታት ሲታሰቡ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። ቅጹ በየዓመቱ የሚሞላ በመሆኑ ዕዳው የሚጠራቀመው ተማሪው በተማረባቸው ዓመታት ልክ ነው፤ በሁለተኛ ዓመት ላይ ያቋረጠ ሰው የአራት ዓመት ዕዳ አይጠየቅም፣ ነገር ግን ከዕዳ ነጻ ሆኖም አይሰናበትም።

የመኝታው ጥያቄ መልስ የሚገኘው እዚያው ልጅዎ በፈረመችው ወረቀት ላይ ነው። ቅጹ የተማሪዋን ስም፣ የእናቷን ስም፣ አድራሻዋንና የትምህርት ክፍሏን ካስሞላ በኋላ የምትፈልገውን አገልግሎት የምታመለክትበት ቦታ ይሰጣል፤ ምግብ ብቻ፣ መኝታ ብቻ ወይም ሁለቱንም መሆኑን፣ እንዲሁም የምትወስደው በዓይነት ይሁን በጥሬ ገንዘብ ይለያል። ቀጥሎ ተቋሙ ራሱ የሚሞላው የገንዘብ ግምት ይመጣል፤ የትምህርቱ፣ የምግቡና የመኝታው ሒሳብ ለየብቻ ተጽፎ ይደመራል። አስቀድሞ መክፈል የሚፈልግ ቤተሰብ ካለም የከፈለበት ቀን፣ የተደረገለት ቅናሽና የደረሰኙ ቁጥር የሚሰፍርበት መስመር አለ፤ ይህንን መስመር ልብ የሚለው ሰው እምብዛም ነው እንጂ አቅም ላለው ወላጅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

እንግዲህ ልጅዎ እየተመላለሰች የምትማር ከሆነ መኝታ እንደማትወስድ በዚያ ቦታ ላይ መግለጽ ይኖርባታል። «ምግብና መኝታ» በሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ከሆነ ግን ወረቀቱ የሚመሰክረው ግቢ ውስጥ እንደምታድር ነው። በመሆኑም ሳትዘገይ ሬጅስትራር ዘንድ ቀርባ ቅጹ እንዲስተካከል በጽሑፍ ታመልክት፤ ማመልከቻዋ ገቢ የሆነበትን ቀንና ቁጥርም ትያዝ፤ ምክንያቱም «እሺ፣ እናስተካክላለን» የሚል የቃል መልስ ከአራት ዓመት በኋላ ማስረጃ ሊሆናት አይችልም። ከካፌው የማይመገቡና ገንዘቡን የሚቀበሉ፣ በተለምዶ ኖን ካፌ የሚባሉት ተማሪዎችም ቢሆኑ የተቀበሉት ገንዘብ በምግብ ወጪነት እንደሚያዝባቸው ማወቅ አለባቸው። ብዙዎቹ እንደ ኪስ ገንዘብ ስለሚቆጥሩት ከምረቃ በኋላ ድምሩን ሲያዩ ይደነግጣሉ።

የዘንድሮው ምርጫ ለሚመጣው ዓመት እንደማያገለግልም ልብ ይበሉ። በአንደኛ ዓመት ከቤቱ መመላለስ የቻለ ተማሪ፣ የትምህርት ክፍል ምደባ ሲወጣ ወንዶ ገነት ወደሚገኘው የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ሊሄድ ይችላል፤ ከአቶቴ ወንዶ ገነት በየቀኑ እየተመላለሱ መማር ደግሞ የሚሞከር አይደለም። ልጅዎም እንዲህ ከገጠማት ያን ጊዜ መኝታ ያስፈልጋታል፣ ቅጹም በዚያው መሠረት ይሞላል።

በዚህ አምድ አዘጋጅ እምነት፣ በወጪ መጋራት ላይ ከሚሰማው ቅሬታ አብዛኛው የሚመነጨው ከዕዳው መጠን ሳይሆን ከአፈራረሙ ነው። ዕድሜው ገና አሥራ ስምንት የሆነ ወጣት ሻንጣውን እንደተሸከመ ወረፋ ላይ ቆሞ፣ ከኋላው ያሉት «ቶሎ በል» እያሉት የሚፈርመው ውል በሕይወቱ የመጀመሪያው የብድር ውል ነው፤ ይህንንም የሚነግረው ሰው የለም። ውሉ ወደፊት ከሚያገኘው ገቢ እየከፈለ ወይም በአገልግሎት ዕዳውን ሊያወራርድ የሚገባበት ግዴታ ነው። ተቋማት ቅጹን ከምዝገባው ቀን አስቀድመው ለተማሪዎች ቢያደርሱት ወላጅም አብሮ ያነበው ነበር። እስከዚያው ድረስ ልጅዎ የፈረመችበትን ገጽ ቢያንስ በስልኳ ፎቶ አንስታ እንድታስቀምጥ ይምከሯት።

ጥያቄ፦ ከተመረቅሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ተቀጥሬ እሠራለሁ። እስካሁን የምጠቀመው በቴምፖ፣ ማለትም በጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ ነው። አሁን ኦርጂናል ዲግሪዬን ስለፈለግሁ ወደ ተማርሁበት ዩኒቨርሲቲ ብደውል በመጀመሪያ የወጪ መጋራት ዕዳዬን እንድጨርስ ተነገረኝ። አሠሪዬ በየወሩ እየቀነሰ ነበር ወይስ አልነበረም፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህታችን፣ ይጀምሩ የምንልዎት ከደመወዝ መክፈያ ወረቀትዎ ነው። በደንቡ መሠረት የተመራቂው የወር ክፍያ ከገቢው ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም፤ ይህንን ከደመወዝ ቀንሶ ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የማስተላለፍ ኃላፊነትም የአሠሪው ነው። ለምሳሌ ያህል ደመወዝዎ 8,000 ብር፣ ጠቅላላ ዕዳዎ ደግሞ 40,000 ብር ነው ብንል፣ በወር 800 ብር እየተቀነሰ ለመጨረስ 50 ወራት ይፈጃል። ከሥራ በገቡበት ወር መቀነስ ተጀምሮ ቢሆን እንኳ በሦስት ዓመት ውስጥ የሚያልቀው 28,800 ብር ብቻ ነው፤ ቀሪውን 11,200 ብር በአንድ ጊዜ ከፍለው መጨረስ ይኖርብዎታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተመራቂዎች የሚሰናከሉበት አንድ ነገር አለ። በደመወዝ ወረቀት ላይ «ወጪ መጋራት» ተብሎ መቀነሱ ገንዘቡ ለገቢዎች መድረሱን አያረጋግጥም። የሰው ኃይል ወይም የሒሳብ ክፍሉ በስምዎ ገቢ ያደረገበትን ማስረጃ ጠይቀው ይውሰዱ፤ በስምዎ ላይ የፊደል ስህተት ወይም የአያት ስም መለዋወጥ ካለም ያኔውኑ እንዲታረም ያድርጉ፣ ምክንያቱም የተከፈለ ገንዘብ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ ቢገኝ ማስተካከሉ ከመክፈሉ ይልቅ ያደክማል። ምንም ሳይቀነስ የቆየ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የአሠሪዎ ቢሆንም ዕዳው የእርስዎ እንደሆነ ይቀራል። ከዚህ በኋላ ከዩኒቨርሲቲው የተጻፈልዎትን የዕዳ መጠን የሚገልጽ ማስረጃ ይዘው ወደ ገቢዎች ይሄዳሉ፤ ቀሪውን ከፍለው ዕዳ እንደሌለብዎት የሚገልጽ ደብዳቤ ሲያገኙ ሬጅስትራሩ ኦርጂናሉን ይሰጥዎታል። ማስረጃ ለማውጣት ከሚያስቡበት ጊዜ ቢያንስ ጥቂት ወራት ቀደም ብለው ቢጀምሩ ይሻላል፤ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ማመልከቻ ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ከአዳማ ወደ ዩኒቨርሲቲው መሮጥ የተለመደ ሆኗል።

በመምህርነት የሠለጠኑ ጓደኞችዎ ገንዘብ ሳይከፍሉ ማስረጃቸውን ቢያገኙ ቅር አይበልዎት። ደንቡ በመምህርነትና መንግሥት በሚመርጣቸው ሌሎች ሙያዎች የሠለጠኑ ሰዎች በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎት እንዲያወራርዱ ይፈቅዳል፤ አገልግሎቱን መስጠታቸውን ግን እነሱም በማስረጃ ማረጋገጥ አለባቸው።

ጥያቄ፦ ሀዋሳ ውስጥ በማታው መርሐ ግብር እየከፈልሁ እማራለሁ። ወጪ መጋራት እኔንም ይመለከተኛል?

መልስ፦ አይመለከትዎትም። በኤክስቴንሽን የሚማር ሰው ወጪውን በክሬዲት ሰዓት እየተሰላ በየተርሙ ስለሚከፍል መንግሥት የሚያበድረው ነገር የለም። ይልቁንም ሲመዘገቡ የያዟቸው ኮርሶች ክሬዲት ሰዓት ከተከፈለው ገንዘብ ጋር መግጠሙን ይመልከቱ፣ የባንክ ደረሰኞችዎንም እስከ ክሊራንስ፣ ማለትም ሲለቁ ከተቋሙ ዕዳ ነጻ መሆንዎ እስኪረጋገጥ ድረስ አይጣሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ከሀዋሳ ርቆ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ለቲሸርት፣ ለምረቃ መጽሔት፣ ለገዋን፣ ለመምህራን ስጦታ እየተባለ በየሳምንቱ ገንዘብ ላኪ ይለኛል። ባለፈው ደግሞ አንድ የማላውቀው ሰው ደውሎ «የዶርም ዕዳ አለበት፣ በቴሌብር ላኩ» አለኝ። የትኛው ነው ግዴታ?

መልስ፦ እናታችን፣ በስልክ የተጠየቁትን ፈጽሞ አይላኩ። የመኝታ ወጪ ከላይ እንደገለጽነው በወጪ መጋራት ውስጥ የተካተተ ነው፤ ዩኒቨርሲቲም በግለሰብ ስልክ ቁጥር ገንዘብ አይሰበስብም።

ከወጪ መጋራት ውጭ ተማሪ በግዴታ የሚከፍላቸው ነገሮች በርግጥ አሉ፤ ዘግይቶ የተመዘገበ ይቀጣል፣ መታወቂያ የጠፋበት ለምትኩ ይከፍላል፣ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰውን መጽሐፍ ያልመለሰ ወይም የዶርም ንብረት ያበላሸ ዋጋውን ይጠየቃል። የመውጫ ፈተናን ያላለፈ ተመራቂም በድጋሚ ሲፈተን የሚከፍለው አለ። እነዚህ ሁሉ የሚከፈሉት በተቋሙ ሒሳብና በደረሰኝ ነው። ቲሸርቱ፣ መጽሔቱና ስጦታው ግን የተማሪዎቹ የራሳቸው መዋጮ ነው። የምረቃ ኮሚቴ ገንዘብ አሰባስቦ ዝግጅቱን ማሳመሩ የሚነቀፍ አይደለም፤ «ያልከፈለ ክሊራንስ አይፈረምለትም» ማለት ግን የኮሚቴው ሥልጣን አይደለም፣ ይህ ከተባለም ልጅዎ ለተማሪዎች ዲን ማመልከት ይችላል። የገዋን ጉዳይ ከተቋም ተቋም ስለሚለያይ፣ ኪራይ ከሆነ ከነተመላሹ መያዣ ስንት እንደሆነ ልጅዎ ራሱ ከሬጅስትራር እንዲያጣራ ያድርጉ። ከዚህ በኋላ ገንዘብ ሲጠይቅዎት ክፍያውን የወሰነው ማን እንደሆነ የሚያሳየውን ማስታወቂያ ፎቶ አንስቶ አስቀድሞ እንዲልክልዎት ይንገሩት።