ለቀለም ሥራ የሚሆን ሞኒተር፦ ከወሎ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ደሴ ላይ የሠርግ ፎቶ አነሣለሁ። በስክሪን ያማረው ፎቶ አልበሙ ታትሞ ሲመጣ ይጠቁራል፤ የሙሽሮቹም ነጭ ልብስ ወደ ቢጫ ያደላል። አዲስ ሞኒተር ልግዛ?

መልስ፦ ከመግዛትዎ በፊት ያለዎትን ይመርምሩ። ብዙ ሞኒተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ብርሃናቸው የበዛ፣ ነጫቸውም ወደ ሰማያዊ ያደላ ነው። በእንዲህ ያለ ስክሪን የሚሠራ ሰው ፎቶው ከልክ በላይ የበራ ስለሚመስለው ያጠቁረዋል፤ ነጠላው ሰማያዊ ስለሚሆንበት ቢጫ ይጨምርበታል፤ ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን የለውምና የተጨመረውንም የተቀነሰውንም እንዳለ ያወጣዋል። ለኅትመት ሲሠራ የስክሪኑ ብርሃን በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ (የብርሃን ድምቀት መለኪያ)፣ ነጩም 6500 ኬልቪን (ነጩ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ማድላቱን የሚለካ) ገደማ ቢሆን መልካም ነው። ዐይን የሚያየውን ነጭ ቶሎ ስለሚለምድ ይህን በግምት ማስተካከል አይቻልም፤ ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ ቀለሙን የሚለካ ካሊብሬተር ያስፈልጋል። መሣሪያው የሚፈለገው በወር አንድ ጊዜ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ፣ የሚተዋወቁ ፎቶ ቤቶች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ቢገዙ ለሁሉም ይበቃል። በእኔ እምነት ተለክቶ የተስተካከለ መካከለኛ ሞኒተር ካልተለካ ውድ ሞኒተር ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ሻጩ «72 በመቶ ቀለም ያሳያል» ብሎኛል። ይህ በቂ ነው?

መልስ፦ የምኑ 72 በመቶ እንደሆነ ይጠይቁት። የኤንቲኤስሲ (የቆየ የአሜሪካ ቴሌቪዥን የቀለም ክልል፣ ማለትም ሊታዩ የሚችሉ ቀለሞች ስፋት) ከሆነ ስፋቱ ኢንተርኔቱ ከሚሠራበት የቀለም ክልል ከኤስአርጂቢ ጋር ይቀራረባል፤ ለፎቶ ቤት ሥራም ይሆናል። የኤስአርጂቢ 72 በመቶ ከሆነ ግን ይተዉት። በርካሽ ላፕቶፖች ላይ የሚታየው 45 በመቶ ኤንቲኤስሲማ የጥበቡን ቀይ ጥለት አገርጥቶ ያሳያል፤ በእንዲህ ያለ ስክሪን ቀለም መወሰን አይገባም። የፓነሉ (ምስሉን የሚያሳየው የስክሪኑ ክፍል) ዓይነት አይፒኤስ የሚባለው ይሁን፤ ቲኤን የሚባለው ከሆነ አንገትዎን ቀና ወይም ዘንበል ባደረጉ ቁጥር ቀለሙ ይለዋወጥብዎታል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የጨርቅ ንድፍ እሠራለሁ። አዶቤ አርጂቢ የሚያሳይ ሞኒተር ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ኤስአርጂቢ እ.ኤ.አ. በ1996 ኤችፒና ማይክሮሶፍት ያወጡት፣ ዛሬም ኢንተርኔቱ የሚሠራበት የቀለም ክልል ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው አዶቤ አርጂቢ ከእርሱ የሚሰፋው በተለይ በአረንጓዴና በአረንጓዴ-ሰማያዊ በኩል ነው፤ የሚያትመው ማሽን እነዚህን ቀለሞች ማውጣት ከቻለ ይጠቅምዎታል፣ ካልቻለ ግን ትርፍ ወጪ ነው። ከገዙም ሞኒተሩ የኤስአርጂቢ አማራጭ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ፤ ያለዚያ የቀለም ፕሮፋይል (ቀለሙ በየትኛው ክልል እንደተሠራ የሚነግር መረጃ) በማያነብ ፕሮግራም ውስጥ ሁሉም ቀለም ከልክ በላይ ይደምቃል። ያም ሆኖ የመጨረሻው ዳኛ ስክሪን ሊሆን አይገባም። በፀሐይ ብርሃን አንድ የሚመስሉ ሁለት ጨርቆች በአምፖል ሥር ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ የታተመውን ናሙና በሁለቱም ብርሃን ሳያዩ ሥራውን አያጽድቁ።

ጥያቄ፦ ላሊበላ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። 10 ቢት ግድ ነው?

መልስ፦ ለዩቲዩብ ከሆነ ግድ አይደለም። 8 ቢት ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃ ሲሰጥ 10 ቢት 1024 ይሰጣል፤ ልዩነቱ የሚታየው ከቀዩ ዐለት በላይ ያለው ሰማይ ቀስ በቀስ በሚደበዝዝበት ቦታ መስመር መስመር ሲሠራ ነው። መጀመሪያ ካሜራው ራሱ በ10 ቢት መቅረጹን ይዩ።

ጥያቄ፦ ወልድያ ነኝ፤ ያገለገለ ሞኒተር አግኝቻለሁ። መብራትም እየሄደ ያስቸግረናል።

መልስ፦ ሳይከፍሉ በፊት ስክሪኑን በሙሉ ነጭ፣ ቀጥሎም በሙሉ ግራጫ ያድርጉት። አንዱ ጥግ ቢጫ፣ ሌላው ሮዝ ከሆነ አይግዙት፤ እንዲህ ያለውን ጉድለት ካሊብሬተርም አያቃናውም። ለመብራቱ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ቢኖርዎት ጥሩ ነው። መብራት ተመልሶ ሲመጣም የስክሪኑ ብርሃንና ቀለም እስኪረጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ፤ እስከዚያው ፎቶ መምረጥና መቁረጥ ይችላሉ፣ ቀለም ግን አይንኩ።