«ከገጠር የወጣሁት አንቺ መልሰሽ እንድትገቢ ነው?»

የሲልቨር ስፕሪንጓ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። ዕድሜሽ 24 ነው። በ9 ዓመትሽ ከወሎ መጥተሽ ሜሪላንድ አደግሽ፤ ዜግነትም አገኘሽ። በኅብረተሰብ ጤና ተመርቀሻል። ፒስ ኮር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት መካከለኛው አሜሪካ፣ ጓቲማላ ውስጥ፣ በምዕራቡ ደጋ፣ በእናቶችና ሕፃናት ጤና እንድትሠሪ ግብዣ ልኮልሻል። እናትሽ «ከገጠር የወጣሁት አንቺ መልሰሽ እንድትገቢ ነው? ያውም ያለ ደሞዝ?» ብለው አኩርፈዋል። አንቺ ደግሞ ሁለት ዓመት ባክኖ ይቀራል ብለሽ ፈርተሻል። መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር የጻፍሽው ግን ከሁሉም በላይ ልቤን ነካው። «ለምን ለሀገሬ ልጆች አልሆንም?»

እኔም ከ15 ዓመት በፊት እዚያው ደጋ ላይ፣ ቶቶኒካፓን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ የሀገሩ ነባር ሕዝብ በሆኑት በኪቼ ማያዎች አንዲት መንደር ውስጥ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ነው የምነግርሽ።

የምትሄጂው ለመርዳት ብቻ ከሆነ ይቅርብሽ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት እርዳታ የሚያስፈልገው ለአንቺ ነው። መንገድ የሚያሳዩሽ እነሱ ናቸው። ቋንቋ የሚያስተምሩሽ፣ ስትታመሚ የሚያስታምሙሽም እነሱ ናቸው። ይህን እንግድነት ተቀብለሽ መቀመጥ ከቻልሽ ግን ሂጂ።

እኔ መቀመጥ አልቻልኩም ነበር። በሦስተኛው ሳምንቴ ጤና ኬላው ውስጥ እናቶችን ሰብስቤ ስለ ሕፃናት አመጋገብ አስተማርኩ። በስፓኒሽ። ባለ ስዕል ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፌ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አመሰገኑኝ። በሳምንቱ ማንም አልመጣም። ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በኪቼ ነው፤ ስፓኒሹ ለገበያና ለቢሮ ያህል ነው። ደግሞስ ማን ነኝና ነው፣ ስሜን እንኳ ሳያውቁ ልጅሽን እንዲህ አብዪው የምላቸው?

ያወጣችኝ ያረፍኩበት ቤት እመቤት ናት። ማታ በቆሎውን በኖራ ውሃ ትቀቅላለች። ሊነጋጋ ሲል አጥባ ወደ ወፍጮ ትወስደዋለች። ከዚያ ሊጡን በመዳፎቿ እያጨበጨበች ክብ ታደርገውና ኮማሉ ላይ ጣል ታደርገዋለች። ኮማል የኛው ምጣድ ነው። ጭሱም ያው ነው፣ ዓይን ማቃጠሉም ያው። አጠገቧ በርጩማ ስቤ ማጨብጨብ ጀመርኩ። ጎረቤቶች ገባ ይላሉ፣ ያዩኛል፣ ቁጭ ብለው ያወራሉ። አንድ ቀን የመንደሩ የልምድ አዋላጅ መጣች። እዚያ ኮማድሮና ይሏታል፤ እሷን ሳታማክሪ ስለ እርግዝናና ስለ ሕፃን ምንም አታደርጊም። ማኩይ የሚሉት፣ በየጓሮው የሚበቅል ጎመን መሰል ቅጠል አለ። «ይህን ከእንቁላል ጋር ሠርተን ለሕፃን ብንሰጥስ?» ብዬ ጠየቅኳት። አሰብ አደረገችና በኪቼ ለሴቶቹ ነገረቻቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ኩሽናው ውስጥ ስምንት እናቶች ነበሩ። ያስተማረችው አዋላጇ ናት። እኔ እንቁላል ሰበርኩ፣ ድስቱን አማሰልኩ።

ለሙያዬ ምን ይጠቅመኛል ላልሽው መልሴ እዚያ ኩሽና ውስጥ ነው። ጓቲማላ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014–15 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46.5 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በማያዎቹ ደጋ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። መቀንጨርን ክፍል ውስጥ ተምረሽዋል። እዚያ ግን ሜትር ይዘሽ ትለኪዋለሽ። እናቲቱ እያወቀች ለምን እንደማታደርገው ይገባሻል፤ እንቁላሉ ተሽጦ ለሳሙናና ለደብተር እንደሚውል ታያለሽ። ይህን ያየ ሰው ሲቀጠር ወሬው ይለያል። ብቻ መዝግቢው። በየሳምንቱ አርብ ማታ ስንት እናት መጣች፣ ስንት ልጅ ተመዘነ፣ ምን ተለወጠ፣ ምን ከሸፈ፣ ደብተርሽ ላይ አስፍሪ። «ጓቲማላ አገለገልኩ» የሚል ሲቪ በየቢሮው ሞልቷል። ቁጥሩን የያዘው ግን ጥቂት ነው።

የገንዘቡን ነገር ቶሎ ልበልልሽ። አገልግሎቱ 27 ወር ነው፤ 3ቱ ሥልጠና፣ 24ቱ ሥራ። ደሞዝ የለውም፤ ነገር ግን የመኖሪያ አበል፣ ሕክምናና የአውሮፕላን ቲኬት በድርጅቱ ነው። ስትጨርሺ ታክስ ከመቀነሱ በፊት ከ10,000 ዶላር በላይ መቋቋሚያ ይሰጥሻል። ለአንድ ዓመት ያህል ደግሞ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ያለ መደበኛው ውድድር ልትቀጠሪ ትችያለሽ። ይህ በር ይከፍትልሻል እንጂ ሥራ ቃል አይገባልሽም። ማስተርስ ካሰብሽ የኮቨርዴል ፌሎውሺፕ አለ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከፒስ ኮር ለተመለሱ የክፍያ ቅናሽ ያደርጋሉ። የተማሪ ብድርሽን ግን ሳትፈርሚ አጣሪ። አበዳሪሽ ጋ ደውለሽ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ይስጡሽ።

«ካልሆነ ለሁለት ሳምንት ብቻ ልሂድ?» ብለሽም ነበር። እሱን ተዪው። ገንዘብ አስከፍለው ወስደው ግድግዳ አስቀብተው የሚመልሱ አሉ። በሁለት ሳምንት የማንንም ስም አጥርተሽ አትይዢም።

ሁለት ነገር አደራ። ገበያ ውስጥ አንድ ሕፃን ጉንጩን ነካ ባደርገው እናቱ ነጥቃኝ ሄደች። ደነገጥኩ። በኋላ ባለሱቋ አስረዳችኝ። እ.ኤ.አ. እስከ 2007 መጨረሻ ድረስ በሺህ የሚቆጠሩ የጓቲማላ ልጆች በጉዲፈቻ ወደ ውጭ ሄደዋል፤ ባዕድ ልጅ ይሰርቃል የሚለው ፍርሃት ዛሬም አለ። ልጅ አትቀፊ፣ ፎቶ አታንሺ፣ እናቱ ራሷ እስክትሰጥሽ ድረስ።

ሌላው የሀገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1996 ድረስ 36 ዓመት ቆየ። ከ200,000 በላይ ሰው ሞተ ወይም የገባበት ጠፋ፤ አብዛኞቹ ማያዎች ናቸው። አትጠይቂ። ቀይ ሽብርን ባሳለፈ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ያንን ዝምታ ያውቀዋል። እነሱ ከጀመሩ ግን ሥራሽን አስቀምጠሽ ስሚ።

አሜሪካዊ ነኝ ስትያቸው ላያምኑሽ ይችላሉ። «ከሊቪንግስተን ነሽ?» ይሉሻል፤ በካሪቢያን ዳርቻ ያለች የጥቁሮች፣ የጋሪፉናዎች ከተማ ናት። ኢትዮጵያ ስትያቸው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያውቋታል። ብዙ ነገራቸው ቤትሽን ያስታውስሻል። ለነገ ቀጠሮ ስትይዢ «ፕሪሜሮ ዲዮስ» ይሉሻል፤ እናትሽ «እግዜር ካለ» የሚሉትን ነው። ባጃጁም አለ፤ ቱክቱክ ይሉታል። ከፍታው 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሆነ ብርዱ የአዲስ አበባ ክረምት ነው። ጋቢሽን ያዢ።

ወደ እናትሽ ልምጣ። እሳቸው ተሳስተዋል አትበያቸው። ከጭስ ቤት የወጡ ሰው ናቸው፤ ጭሱን ከእኔም ከአንቺም በላይ ያውቁታል። ስለ ደኅንነት ከጠየቁሽ፣ ድርጅቱ ሁኔታው ሲከፋ በጎ ፈቃደኞቹን እንደሚያስወጣ ንገሪያቸው። ከሆንዱራስ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ከኤል ሳልቫዶር በ2016፣ ከኒካራጓ በ2018 አስወጥቷል። ከዚያ የታላላቆቻቸውን ትዝታ ጠይቂያቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያዎቹ 300 ገደማ የፒስ ኮር መምህራን ኢትዮጵያ ገብተዋል፤ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ተበትነው አስተምረዋል። በዘመዶቻችሁ መካከል «ፒስ ኮሩ አስተማሪያችን» የሚል ትልቅ ሰው አይጠፋም። የዚያ አስተማሪ እናትም ልጄ ለምን ገጠር ይገባል ብላ ሳታለቅስ አልቀረችም።

«ለምን ለሀገሬ አልሆንም» ላልሽው፣ ጥያቄው ትክክል ነው፤ አታፍኚው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 በሰቆጣ ቃል ኪዳን እስከ 2030 የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም ተነሥታለች። ቶቶኒካፓን ኩሽና ውስጥ የተማርሽው ለላስታም ለዋግም ይሠራል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚያ ቀድመሽ መሄድሽ ሳይሻልም አይቀርም። ወሎ ብትሄጂ ቋንቋውን ስለምታውቂ ሁሉን የምታውቂ ይመስልሻል። ጓቲማላ ግን መጠየቅ ግድ ይልሻል፤ ያ የመጠየቅ ልማድ ወሎም አብሮሽ ይገባል።

ስፓኒሽሽን ዛሬ ጀምሪ። ጀበናና ስኒ በልብስ ጠቅልለሽ ሻንጣሽ ውስጥ አስገቢ። ቡና አብቃይ ሀገር ነው፤ ግን ምርጡ ወደ ውጭ ይላካል፣ በየመንደሩ የሚጠጣው ቀጭንና ጣፋጭ ነው። አንድ እሑድ ጥሬውን ከገበያ ገዝተሽ ኮማሉ ላይ ቁዪላቸው፤ ሦስቱንም ቅጂላቸው።

ለግብዣው መልስ ከመስጠትሽ በፊት የብድሩን ነገር ጨርሺ። እናትሽ ምን እንዳሉም ጻፊልኝ።