ወተት በጉንጬን ማን ይዝራት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አባቴ ቆቦ አካባቢ አራሽ ነው። አንድ ማሳ ላይ አምስት ስድስት ዓይነት ማሽላ ቀላቅሎ ይዘራል። የግብርና ባለሙያው «ምርጥ ዘሩን ብቻ ዝራ» ይለዋል። እኔም «የአገሩ ዘር አዲስ አበባ ጅን ባንክ፣ የዘር ማከማቻው ውስጥ፣ ተቀምጦልህ የለ?» ብለው ተኮራረፍን። ልክ የሆነው ማናችን ነው? (ከወልዲያ)

መልስ፦ መጀመሪያ ከአባትሽ ታረቂ።

ዘር ለቃሚ ሆኜ ወሎን በእግሬ ዞሬያለሁ። ማሳው ላይ «ወተት በጉንጬ» ወይም «ማር ጩቄ» የሚባል ማሽላ ካለ ዛላውን ፈልፍለሽ እዪው። ፍሬው ጭምድድ ያለ፣ ዓይን የማይሞላ ነው፤ ምርቱም ያንሳል። ባለሙያ ቢያገኘው ይጥለዋል። ገበሬው ግን እሸቱን ጠብሶ ለመብላት ከሌላው መሀል ጣል ጣል ያደርገዋል። በ1960ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሺህ የሚቆጠር ማሽላ ፈትሸው፣ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር ከሌላው በልጦ ያገኙት እንዲህ ባለው የወሎ ማሽላ ላይ ነው። ያ የተጨማደደው!

ጅን ባንኩን አላጣጥልም፤ እንጀራዬ ነበር። በ1968 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በኋላ ዶ/ር መላኩ ወረደ ሲመሩት፣ በ1977ቱ ድርቅ ገበሬው የዘሩን እህል በልቶ ሳይጨርስ ለመድረስ ተሯሩጧል። ግን እዚያ ያለው ዘር ደርቆ፣ ታሽጎ፣ በብርድ ተኝቷል። እሱ ከተኛ ወዲህ የመጣውን በሽታና የዝናብ ጠባይ አያውቅም። የአባትሽ ዘር በየዓመቱ ያየዋል።

ምርጥ ዘርም ጠላት አይደለም፤ ክረምቱ ሲያጥር ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ነፍስ ያድናል። ችግሩ «ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት። «ዲጋሉ» የተባለው ምርጥ ስንዴ ቢጫ ዋግ የሚባለውን የሰብል በሽታ ስለቻለ ባሌና አርሲ ላይ በሰፊው ተዘራ፤ በ2006 ዓ.ም. ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ መጥቶ ማሳውን አነደደው።

ሕጉ ከአባትሽ ጋር ነው። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ የዘር ሀብቱን የመጠቀምና እርስ በርሱ የመለዋወጥ መብት ይሰጠዋል። ሪፖርት ላይ የሚቆጠረው ግን የተከፋፈለው የምርጥ ዘር ኩንታል ነው፤ ማሳ ላይ ስንት ዓይነት እንደቀረ የጠየቀኝ አለቃ አላስታውስም።

ለመኸር ስትወርጂ አባትሽ ዛላ ሲመርጥ አብረሽው ዙሪ። ጢስ ላይ የሚሰቅለውን አንድ በአንድ ስሙን፣ የሚወደውን አፈር፣ ለእንጀራ ይሁን ለጠላ ጻፊ። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ዛላ ለአክስትሽ ቤት አድርሺ፣ ነቀዝ አንዱን ቤት ቢጨርስ ሌላው ይተርፋል። ዝርዝሩን ለእኔም ላኪልኝ። አምስት ብቻ ነው ካልሽኝ ግን እናትሽን አልጠየቅሽም ማለት ነው።