አንዱን ትምህርት ሁለቴ አስተምሩት

በመምህርነት ሥልጠና ላይ ያለ አንድ ወጣት «መካሪ ተብሎ የተመደበልኝ መምህር ክፍሉን አስረክቦኝ ሄደ፤ ተመልሶም አላየኝ። ልምምድ ማለት ይኸው ነው?» ሲል ጠየቀኝ። አይደለም። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ስለቀሰቀሰብኝ መልሱን ለእናንተ ለእጩ መምህራን ሁሉ ልጻፈው።

ቁጭቴ «በዕደ ማርያም» የሚባለው ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ነገር ነው። ስድስት ኪሎ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ ሥር ነበር፤ 11ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት የጨረሱ ልጆች ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመርጠው 12ኛን ይማሩበት ነበር። ስሙ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወራው የተማሪዎቹን ጉብዝና ነው። እኔን የሚቆጨኝ ግን ዩኒቨርሲቲው የራሱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረው መሆኑ ነው። የማስተማር ዘዴ የሚያስተምሩት ሰዎች ከእውነተኛ ክፍል በእግር መንገድ ርቀት ላይ ነበሩ። ዛሬ እጩው በተገኘው ትምህርት ቤት ይመደባል፤ ከዩኒቨርሲቲው የሚላከው ሱፐርቫይዘር አንድ ቀን ብቅ ብሎ ቅጹን ይሞላና ይመለሳል።

አሜሪካዊው የትምህርት ፈላስፋ ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ትምህርት ቤቱን የከፈተው በ16 ተማሪዎችና በ2 መምህራን ነው። ዋና ሐሳቡም እጩዎችን ማለማመድ ሳይሆን የትምህርትን ሐሳብ ልጆች ባሉበት መፈተን ነበር። ፊንላንዶች ደግሞ በዩኒቨርሲቲዎቻቸው ሥር ያሉትን ትምህርት ቤቶች በቀጥታ ለእጩዎች ልምምድ ያውሏቸዋል። እኔ ሁለቱም አንድ ላይ ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ ምክንያቴን አንድ የ9ኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርት ያስረዳልኛል።

በአንድ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቤት አንዲት እጩ መምህርት ኢንኢኳሊቲ፣ ማለትም የ«ይበልጣል» ወይም የ«ያንሳል» ምልክት ያለበትን የሒሳብ ጥያቄ፣ ታስተምር ነበር። ሰሌዳውን ከሦስት ከፍላለች፤ ጽሑፏ ከኋላ ወንበር ይነበባል። «በኔጋቲቭ ቁጥር ስታካፍሉ ምልክቱ ይገለበጣል» ብላ ጻፈችና ሦስት ምሳሌ ሠራች። የመጀመሪያው «ኔጋቲቭ 2 ኤክስ ከ6 ያንሳል» ነበር፤ ኤክስ ከኔጋቲቭ 3 ይበልጣል ተባለ። «ገባችሁ?» አለች። «አዎ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ከዚያ «2 ኤክስ ከኔጋቲቭ 6 ያንሳል» የሚለውን ራሳቸው እንዲሠሩት ሰጠች። ከግማሽ የሚበልጡት ምልክቱን ገለበጡት።

አካፋዩ 2 ፖዘቲቭ ስለሆነ ምንም የሚገለበጥ የለም። ልጆቹ ግን የተማሩት ኔጋቲቭ ባዩበት ሁሉ መገልበጥን ነው። በሦስቱም ምሳሌዎች ኔጋቲቩ የነበረው በኤክስ በኩል ብቻ ስለሆነ የቱ ኔጋቲቭ እንደሚያስገለብጥ የሚለዩበት ነገር አልነበራቸውም። ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ጉድለቱ የምሳሌው አመራረጥ ላይ ነበር።

መካሪዋ አልገሠጻትም፣ ምክርም አልሰጣትም። አሥር ደብተር አስሰበሰባትና ስህተቶቹን በየዓይነታቸው ለይታ እንድትጽፍ አደረገ። ያን ስትጨርስ ችግሩን ራሷ አየችው። በማግስቱ ያንኑ ትምህርት በሌላ ሴክሽን አስተማረች። ሕጉን ከመጻፏ በፊት 3 ከ5 እንደሚያንስ አሳየች፤ ሁለቱንም በኔጋቲቭ 1 አባዝታ በቁጥር መስመር ላይ አስቀመጠቻቸው። አንድ ልጅ ከኋላ «ዜሮን ሲሻገሩ ቦታ ተለዋወጡ!» ብሎ ጮኸ። ቀጥላ የሚያስገለብጠውንና የማያስገለብጠውን ምሳሌ ጎን ለጎን ሠራች። ያን ቀን የተሳሳቱት ጥቂቶች ነበሩ፤ እነሱም ኔጋቲቭ ቁጥር ሲደምሩ ጭምር ይገለብጡ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ብታስተምረው ይህም ይታረም ነበር፤ የልምምዱ ጊዜ ግን አለቀ። እስካሁን የሚከነክነኝ ያ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ነው።

ማይክሮ ቲቺንግ የሚባለው የመምህራን ማሠልጠኛ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1963 በስታንፎርድ ሲጀመርም መንገዱ ይኸው ነበር፦ ለጥቂት ተማሪዎች ለአጭር ደቂቃ ማስተማር፣ መወያየት፣ ደግሞ ማስተማር። ጊዜ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀረው ግን ደግሞ ማስተማሩ ነው፤ ያለ እሱ ውይይቱ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ስለ አለባበስና ሰዓት ስለማክበር አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ። ከማስተማራችሁ በፊት ሌላ መምህር ሲያስተምር የምታዩበትን የመታዘቢያ ሳምንታችሁን ግን አታባክኑ። የክፍሉን የአቀማመጥ ካርታ በአንድ ገጽ ሣሉ። መምህሩ ጥያቄ የጠየቀውን ልጅ ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ከጥያቄው እስከ መጀመሪያው መልስ ያለውንም ጊዜ በሰከንድ ያዙ። ብዙ መምህር ከአንድ ሰከንድ ብዙም ሳይቆይ ወይ ሌላ ልጅ ይጠራል ወይ ራሱ ይመልሳል። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ የጠበቀ ረዘም ያለና የታሰበበት መልስ ያገኛል። የፊት ረድፍና መሐሉ በምልክት ተሞልቶ ጥጉ ባዶ ሲሆን ማን እንደተረሳ ካርታው ሳትጠይቁት ይነግራችኋል።

የአሁን ልጆች ዕቅድን ከቴሌግራም አውርዳችሁ ስም ቀይራችሁ ታስገባላችሁ። ይህን አልወድላችሁም። ከጎበዝ መምህር ዕቅድ መነሣትን ግን አልቃወምም፤ የምቃወመው ምሳሌዎቹ ለምን እንደተመረጡ ሳትጠይቁ መውሰዳችሁን ነው። ደግሞ የማልክደው፣ ከእኛ ዘመን እጩ ይልቅ እናንተ መካሪን ደፍራችሁ ትጠይቃላችሁ። ታዲያ ይህን ድፍረት ተጠቀሙበት።

በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የመጨረሻውን 8 ደቂቃ ለአንድ ጥያቄ ብቻ ተዉት፤ ልጆቹ በብጣሽ ወረቀት መልሰው ይስጧችሁ። ይህ ደቂቃ የሚጠፋው መጀመሪያ ላይ ነው፦ ስም በመጥራት፣ ያለፈውን በማጥፋት፣ ማስታወሻ በማስገልበጥ። ሰሌዳው ቀድሞ ይጥፋ፤ ስም የምትጠሩትም ልጆቹ የመግቢያውን ጥያቄ እየሠሩ ይሁን።

ወንድሜ፣ መካሪህ ካልመጣ አንድ የዲፓርትመንት ጓደኛህን ከኋላ አስቀምጥ፤ አንተም በተራህ ተቀመጥለት። የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ከመለጠፉ በፊት ምክትል ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሂድና በአንድ ክፍል ደረጃ ሁለት ሴክሽን እንዲሰጥህ ጠይቅ። በአንድ ቀን ተከታትለው ከመጡ የምታርምበት ጊዜ አይኖርህም፤ የመጀመሪያው ሰኞ፣ ሁለተኛው ማክሰኞ ቢሆን በመሐል አንድ ማታ ታገኛለህ። ሰኞ ማታ ብጣሽ ወረቀቶቹን አንብብ፤ ማክሰኞ ቢያንስ አንድ ምሳሌ ቀይረህ ግባ።