ሥጋ የሌለው ፓስታ አልፎርኖ ለእራት ግብዣ፦ ጥያቄና መልስ

እራት እንግዳ ጠርታችሁ፣ ሥጋ የሌለው ኦቨን የሚገባ ፓስታ ለመሥራት ያሰባችሁ ጥያቄያችሁን ወርውሩ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። ይህን ምግብ ለግብዣ የምወደው ስለሚጠብቅ ነው። ጥብስ እንግዳ ሲመጣ ይጀመራል። ላዛኛ ግን እንግዳ ሳይመጣ ያልቃል፣ ጋባዧም ቁጭ ብላ ትበላለች።

ጥያቄ፦ ለ12 ሰው ምን ያህል ፓስታ ይበቃል?

1 ኪሎ ደረቅ ፔኔ ወይም ሪጋቶኒ፣ ማለትም ሁለት ባለ 500 ግራም ፓኬት። በሁለት ትሪ ክፈሉት። ሶስ ላይ ግን አትሰስቱ፤ ፓስታው ኦቨን ውስጥም ይጠጣል። ስትቀላቅሉት "ኧረ በዛ" ካላላችሁ ሲወጣ ደርቆ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ የአትክልት ላዛኛዬ ስቆርጠው ውሃ ይተኛበታል። ምኑ ላይ ነው ችግሩ?

አትክልቱ ላይ ነው። ቆስጣ፣ እንጉዳይና ዝኩኒ ውሃቸውን ድስት ላይ ካልጨረሱ ትሪው ውስጥ ይለቁታል።

ቆስጣውን ለሁለት ደቂቃ ቀቅለሽ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አሳልፈሽ በእጅሽ ጭመቂው። ጨመቅኩ ስትይ አንዴ ድገሚው። ከትልቅ እስር የሚተርፍሽ አንድ ጭብጥ ቢሆን አትደንግጪ።

እንጉዳይ በሰፊ መጥበሻ፣ በኃይለኛ እሳት፣ ያለ ክዳን ነው። ጨው መጨረሻ ላይ። መጀመሪያ ውሃ ያወጣና ይንተከተካል። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል፣ መንጫጫት ይጀምራል፣ ጠርዙም ቡናማ ይሆናል። ያኔ አውጪው። ዝኩኒና ደበርጃን ደግሞ ቆራርጠሽ ጨው ነስንሺባቸው፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ጥረጊያቸው፣ ዘይት ቀብተሽ ኦቨን ውስጥ ጥበሻቸው።

ከኦቨን ሲወጣም ቢላ አታስነኪው። ቢያንስ 15 ደቂቃ ይቀመጥ። እንግዶቹ ሽታው ገድሏቸው ቢያጉረመርሙም ይታገሡ።

ጥያቄ፦ ግብዣው አርብ ላይ ዋለ። ግማሹ ጾመኛ ነው፣ ግማሹ አይደለም። እንዴት ላድርግ?

ሥጋ የለውም ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም። ወተቱ፣ አይቡና ቅቤው አለ። የላዛኛ ፓኬትም እንቁላል ያለበት አለና ጀርባውን አንብቡ። ደረቅ ፔኔና ማካሮኒ አብዛኛውን ጊዜ ስንዴና ውሃ ብቻ ስለሆነ ለጾም ትሪ እሱ ይቀላል።

በሥጋው ፋንታ ድፍን ምስር አስገቡ። ቀይ ሽንኩርቱን አቁላልታችሁ፣ ካሮት በደቃቁ ከትፋችሁ፣ የቲማቲም ድልህ ጨምራችሁ፣ ትንሽ ሲጠበስ ቲማቲሙንና የተቀቀለውን ምስር አስገቡ። ምስሩ ቅርጹን እንደያዘ ይቅር፣ ወጥ እንዳይሆን።

በወተት የሚሠራውን ነጭ ሶስ በሱፍ ሥሩት። ለሱፍ ፍትፍት እንደምታደርጉት ፍሬውን አዘጋጅታችሁ ፍጩ፣ በውሃ በጥብጣችሁ በደንብ አጥልሉ። ለ1 ሊትር የሱፍ ውሃ 80 ግራም ዘይትና 80 ግራም ዱቄት። ዱቄቱን በዘይቱ ለሁለት ደቂቃ ያህል አብስሉ፣ ከዚያ የሱፉን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሳችሁ ሳታቋርጡ አማስሉ። ባንድ ጊዜ ከገለበጣችሁት ይጓጉላል። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ትንሽ ገውዝ ጨምሩ። ከአኩሪ አተር ወተት ይልቅ እኔ ይሄን እመርጣለሁ፤ የሱፉ ጣዕም ከምስሩ ጋር ይሄዳል።

ለየትሪው የየራሱ ማንኪያ ይኑረው። ጾመኛ ዘመድ "ይሄ ነካክቶት ይሆን?" እያለ አይብላ።

ጥያቄ፦ ፓኬቱ ላይ 9 ደቂቃ ይላል፤ አዲስ አበባ ግን በ9 ደቂቃ ጥሬ ነው።

ልክ ነህ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ስለምትል ውሃው የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሰዓቱን ትተህ ቅመሰው። ኦቨን ስለሚገባ መሃሉ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ እያለ አውጣው።

ጥያቄ፦ የውጭ አይብ ዋጋው አይቀመስም። በምን ልተካ?

እዚሁ የሚመረተው ፕሮቮሎኔ ከላይ ሲፈቀፈቅ ጥሩ ይቀልጣል። መሃሉን የኛው አይብ ይሸፍነዋል። ጣልያኖች ስፒናች በሪኮታ የሚሠሩትን እናንተ ቆስጣ በአይብ ሥሩት። አይቡ በሻሽ ተጠልሎ ይደር፣ ከዚያ አንድ እንቁላልና ገውዝ ይግባበት። ኮምጠጥ ያለ ከሆነ ቲማቲሙን ቀንሱ።

ጥያቄ፦ እስራኤል፣ ኔታንያ ነው ያለሁት። ገበታው ላይ ሥጋም ስለሚኖር ወተት ያለበት ማቅረብ አልችልም።

ከላይ የጻፍኩት የጾም ትሪ በአይሁድ የምግብ ሕግ ፓርቬ ነው፤ ማለትም ሥጋም ወተትም የለበትም። ፓርቬ ዕቃ ላይ ሥሪው እንጂ ሌላ የሚለወጥ ነገር የለም። የወተት ምግብ ለሚበላበት የሻቡዖት በዓል ግን የቆስጣና አይቡን ሞክሪ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነን። ሥጋ የማይበሉ የሥራ ባልደረቦቼን ጋብዣለሁ። ፓርሚጃኖ ችግር አለው?

ለአንዳንዶቹ አለው። ፓርሚጃኖ ሬጂያኖ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ማርጊያ ነው። "ለቬጀቴሪያን" የሚል የተጻፈበት ጠንካራ አይብ ፈልግ፣ ወይ ቀደም ብለህ ጠይቃቸው።

ጥያቄ፦ ማታውን ሠርቼ ባሳድረውስ?

እንዲያውም ይሻላል። ተደርድሮ፣ ተሸፍኖ ፍሪጅ ይደር። ፒሬክስ ከሆነ ግን ከፍሪጅ በቀጥታ ወደ ጋለ ኦቨን አታስገቢው፤ ይሰነጠቃል። ቀድመሽ አውጪና ቅዝቃዜው ይልቀቀው። ከዚያ በ180 ዲግሪ በፎይል ሸፍነሽ 35 ደቂቃ ያህል፣ ፎይሉን አንስተሽ ደግሞ 15።

ጥያቄ፦ መብራት ቢሄድስ? ያለኝ የጋዝ ምድጃ ነው።

ወፍራም ቂጥ ያለው ድስት ዘይት ቀብተሽ እዚያው ደርድሪ፣ ሶሱን ቀጠን አድርጊ፣ ክደኚና በጣም ዝቅ ባለ እሳት ግማሽ ሰዓት ያህል። ከላይ አይቀላም፣ እውነቱን እንነጋገር። ስለዚህ ደረቅ ዳቦ ፈርፍረሽ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ኩርሽም እስኪል ጥበሺና ሲቀርብ ነስንሺበት። ደቡብ ጣልያን ውስጥ በአይብ ፋንታ የሚነሰነስ ነው፤ የጾሙ ትሪ ላይም ያምራል።

ጥያቄ፦ በርበሬ ቢገባበት ነውር ነው?

ነውርማ አይደለም። ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ቁሌቱ ላይ፣ ከምስሩ ጋር። ነጩ ሶስ ውስጥ ግን አይግባ። ሚጥሚጣ የሚወድ ካለ በጎን አስቀምጡለት።

ጥያቄ፦ ከጎኑ ምን ይቅረብ?

ሰላጣ በሎሚና በቃሪያ። ሩዝም ድንችም አትጨምሩ፣ ዳቦም ባይኖር ማንም አይቀየምም።