ከጋሻው በፊት ካሜራዋን አስብላት

ሰላም ወንድሜ። በጅራታም ኮከብ ዙሪያ የምትዞር መንኮራኩር በኮምፒውተር እየሠራህ እንደሆነ ገልጸህ፣ «አቧራው እንዳይበሳት ጋሻዋ ምን ያህል ይወፍር?» ብለሃል። አብሽር፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። እኔ ብሆን ግን መጀመሪያ የምጨነቀው ለካሜራዋ ነው።

ጋሻ የግድ የሚሆነው በፍጥነት ለምታልፍ መንኮራኩር ነው። ጆቶ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በማርች 1986 በሃሌይ ጅራታም ኮከብ አጠገብ ያለፈችው በሰከንድ 68 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚያ ፍጥነት ትንሽ ቅንጣት እንኳ አወዛውዟት ከምድር ጋር ያላትን ግንኙነት አቋርጦባታል። ካሜራዋም ከዚያ ወዲህ አልሠራም።

ያንተዋ ግን ከጅራታሙ ኮከብ ጋር አብራ ነው የምትጓዘው። ሮዜታ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር 67ፒ በሚባለው ጅራታም ኮከብ ዙሪያ ያገኘቻቸው ቅንጣቶች ቀርፋፋ ነበሩ፤ በሰከንድ ጥቂት ሜትር፣ ቢበዛ በአስር የሚቆጠር ሜትር። ይህ ብረት አይበሳም።

ችግሩ ሌላ ነው። መንኮራኩር ወዴት እንደዞረች የምታውቀው ኮከቦችን አይታ ከያዘችው ካርታ ጋር በማመሳከር ነው። ፀሐይ ያረፈበት አቧራ ደግሞ በካሜራ ቁርጥ ኮከብ ይመስላል። ማርች 28 ቀን 2015 ሮዜታ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ስትጠጋ የደረሰባት ይኸው ነው። የውሸት ኮከቦቹ አደናገሯት። አንቴናዋ ከምድር መዛነፍ ጀመረ፣ በኋላም ራሷ ሴፍ ሞድ (ከአስፈላጊው በቀር ሥራ አቁሞ ራስን ማዳኛ ሁኔታ) ገባች። መሐንዲሶቹ አርቀው እንድትዞር ለማድረግ ተገደዱ። ተመራማሪዎቹ በጣም የሚፈልጉትን ቅርብ እይታ አቧራው ቀማቸው ማለት ነው። እኔን ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ኮምቦልቻ ውስጥ የክር ማሽን ሴንሰሮችን እጠግናለሁ። ክሩ ተበጥሶ ሳለ የሚበር የጥጥ ብናኝ በብርሃኑ ፊት ሲያልፍ ሴንሰሩ ክር አለ ብሎ ያምናል፤ ማሽኑም አይቆምም። ሴንሰሩን መጥረግ ብቻውን አይበቃም። መፍትሔው አንዴ የታየውን ወዲያው አለማመን፣ ቆይቶም እዚያው መኖሩን ማየት ነው።

አንተም ኮድህ ላይ ይህን ጨምር። ኮከቦች ከፎቶ ፎቶ እርስ በርስ ያላቸውን ቦታ አይለቁም፣ አቧራ ግን ይንቀሳቀሳል። ሁለት ሦስት ተከታታይ ፎቶ ሳይስማሙ አቅጣጫዋን አታስተካክል፤ እስከዚያው መዞሯን የሚለካው መሣሪያ፣ ጋይሮስኮፑ፣ ይምራት። ይህም ካልበቃ ራሷ እንድትርቅ እዘዛት።

ሶላር ፓነሉንም አትርሳ። የሮዜታ ክንፎች ከጫፍ እስከ ጫፍ 32 ሜትር ነበሩ፤ አቧራውን ይዞ የሚወጣው ጋዝ እነሱን እየገፋ መንገዷን ያዛባል። ስሌትህ ውስጥ አስገባው፤ ብዙ ተማሪ ይዘለዋል።

በጅራታም ኮከብ ፈንታ አስትሮይድ (በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር አለት) ላይ ልሥራ ካልክ ነገሩ ይቀላል። የናሳ መንኮራኩር ኦሳይረስ-ሬክስ በጃንዋሪ 2019 ቤኑ ከተባለው አስትሮይድ ላይ ጠጠር ሲበተን አየች። የታወቀውም በመንገድ መምሪያ ካሜራዋ ፎቶ ላይ ከኮከቦች መሐል የማይታወቁ ነጥቦች በመገኘታቸው ነው። ቡድኑ አደጋውን መዘነና ዙረቷን ቀጠለች።

ኮድህን እዚሁ ለጥፈው። የኮከብ ማመሳከሪያውን ክፍል አብረን እናየዋለን።