ግራኝ መሆን የትምህርት ክፍል ምርጫን ይወስናልን?

ውድ እህታችን፣ ከሐዋሳ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶችን አጠናቅቀሽ የትምህርት ክፍል ልትመርጪ በተቃረብሽበት ወቅት፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር መፈለግሽን የሰሙት አጎትሽ «ግራኝ የሚያስበው በቀኝ አንጎሉ ስለሆነ ለሥዕልና ለአርክቴክቸር እንጂ ለሂሳብና ለፕሮግራም አይሆንም» እንዳሉሽና ከዚያ ወዲህ ማመንታት እንደጀመርሽ ገልጸሻል። አጎትሽ ይህን ያሉት ለአንቺ ተጨንቀው መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሆኖም በአነጋገራቸው ውስጥ እውነቱና ስሕተቱ ተቀላቅለዋል።

ከአንጎል ወደ እጅ ትእዛዝ የሚያደርሱት አብዛኞቹ ነርቮች፣ አንጎል ከሕብለ ሰረሰር ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ ወደ ተቃራኒው ጎን ስለሚሻገሩ፣ ግራ እጅሽ ስትጽፍ በዋናነት የምትታዘዘው ለአንጎልሽ ቀኝ ክፍል ነው። እውነቱ እስከዚህ ድረስ ነው። እጅን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ሐሳብንም ለብቻው ይመራል ማለት ግን አይደለም።

ቋንቋን እንመልከት። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 እ.ኤ.አ. መናገር የተሳነው የአንድ ታካሚ አንጎል የተጎዳው በግራው የፊት ክፍል መሆኑን ካሳየ በኋላ፣ የቀኝ እጅ ተጠቃሚዎች የንግግር ማእከል በአብዛኛው በግራ እንደሆነ ታወቀ፤ ግራኞችም የዚህ ግልባጭ ናቸው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ታመነ። በኋላ የተደረጉ ልኬታዎች እንዳሳዩት ግን ከ100 ግራኞች 70 ያህሉ ቋንቋን የሚያስተናግዱት እንደ ሌላው ሰው በግራው ክፍል ነው። የቀሩት በቀኙ ወይም በሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ይህም በራሱ የችሎታ ጉድለት አይደለም።

«ስሌት በግራ፣ ፈጠራ በቀኝ» የሚለው አስተሳሰብ የተስፋፋው በ1981 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሮጀር ስፔሪ ያካሄደው ምርምር ከልክ በላይ ስለተለጠጠ ነው። እርሱ ያጠናው የሚጥል በሽታቸውን ለማስታገስ ሲባል ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኘው የነርቭ ጥቅል የተቆረጠባቸውን ሰዎች ነበር። በጤነኛ ሰው አንጎል ይህ ጥቅል 200 ሚሊዮን በሚያህሉ የነርቭ ክሮች ሁለቱን ክፍሎች ያለማቋረጥ ያነጋግራል፤ የሂሳብ ጥያቄ ስትፈቺም ሁለቱም ይሳተፋሉ።

ግራኝነት በሥራ ላይ ለውጥ የሚያመጣው በመሣሪያ በኩል ነው። ጥርስ ሕክምና ወይም ቀዶ ሕክምና ብትመርጪ ኖሮ፣ መቀሱና መርፌ መያዣው በአብዛኛው ለቀኝ እጅ ስለሚሠሩ ልምምዱ ተጨማሪ ጥረት እንደሚጠይቅሽ አስቀድሜ በነገርኩሽ ነበር። በመረጥሽው ሙያ ግን የቁልፍ ሰሌዳው በሁለት እጅ የሚሠራበት ሲሆን፣ የማውሱም አዝራሮች በኮምፒውተሩ ቅንብር ይገለበጣሉ። ይልቅስ የሚያስቸግርሽ የመጻፊያ ጠረጴዛው በቀኝ በኩል ብቻ የተገጠመለት የመማሪያ ክፍል ወንበር ይሆናል፤ በስተግራሽ ያለውን ወንበር ባዶ አድርገሽ የእርሱን ጠረጴዛ ብትጠቀሚ ክንድሽ ያርፋል፣ ለፈተናም ይህንኑ ለመምህሩ ቀደም ብለሽ አሳውቂ።

ስለዚህ ምርጫሽን የሂሳብና የሎጂክ ውጤትሽን፣ እንዲሁም ለፕሮግራም ያለሽን ፍላጎት አይተሽ ወስኚ። ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት ጥቂት ሳምንታት ካሉሽ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በራስሽ መማር ጀምሪ፤ አንድ ስሕተት ፈልጎ ለማግኘት ሰዓታት መቀመጥ የማይሰለችሽ ከሆነ፣ ያንን ከውጤትሽ ጋር ለአጎትሽ አሳዪያቸው።